ያብባል እንጂ አያፈራም? ጊሽጣን አውቆ በብሩሽ ፍሬ የማስያዝ ዘዴ

ጊሽጣው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ቅጠሉ ያማረ ነው። በየዓመቱ አበባ ይይዛል፣ አበባው ይረግፋል፣ ለእናንተ የተረፈው ከሥር መጥረግ ብቻ ነው። ፍሬ ተገኘ ከተባለም ሁለት ሦስት፣ እሱም ጠማማ። ከዚያ አንዱ ብቅ ይልና «ይሄ ወንድ ነው፣ ቁረጡትና ሌላ ትከሉ» ይላል።

አትቁረጡት። ወንድ ፓፓያ አለ፣ ወንድ ጊሽጣ ግን የለም። የጊሽጣ አበባ እያንዳንዱ ወንዱንም ሴቷንም በአንድ ላይ የያዘ ነው። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ሰዓት አለመድረሳቸው ነው። ሴቷ ቀድማ ትደርሳለች፣ ወንዱ ሲደርስ የእሷ ሰዓት አልፏል። መሐል ላይ ገብቶ የሚያገናኛቸው ነፍሳት ካልተገኘ አበባው ይረግፋል፣ በቃ። እናንተ የምትሠሩት የዚያን ነፍሳት ሥራ ነው። መሣሪያው አንድ ትንሽ ብሩሽና አንድ ክዳን ያላት ብልቃጥ ናት።

ብሩሹን ከማንሳታችሁ በፊት ግን ዛፉን እወቁት።

የትኛው ጊሽጣ ነው ያላችሁ?

ጊሽጣ፣ አምበሾክ የሚለውም አለ፣ አንድ ዓይነት ዛፍ አይደለም። ብዙ ዘመድ ያለው ወገን ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አኖና ብሎ መዘገበው፤ ዛሬ ከ150 በላይ ዝርያ ይቆጠርለታል። አብዛኛው የአሜሪካ ሐሩር አገሮች ተወላጅ ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ የአፍሪካ። በየግቢው የሚተከሉት ግን አራት አምስት ቢሆኑ ነው። ልዩነታቸውን ማወቅ ለወሬ አይደለም፤ የሚወደው ከፍታም፣ አበባው የወንዴ ዱቄት የሚለቅበት ሰዓትም፣ ቅጠሉን መግፈፍ የሚጠቅመው መሆን አለመሆኑም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል።

መጀመሪያ ጊሽጣ መሆኑን አረጋግጡ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት አይወጡም። አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ እየተፈራረቁ ቅርንጫፉን ተከትለው በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ። የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ የለውም። አበባው ላይ ጎልተው የሚታዩት ሦስት ወፋፍራም የአበባ ቅጠሎች ናቸው። ፍሬው ደግሞ ከውጭ አንድ ይምሰል እንጂ ብዙ ትንንሽ ፍሬዎች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ያዟት፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ከዚያ ወደ ዝርያው እንሂድ። የፍሬው ቆዳ ላይ እርጥብ ጭቃን በጣት ተጫን ተጫን ያደረጉት የሚመስል ምልክት ካለ፣ ቅጠሉም ሰፋ ያለና ከሥሩ በኩል ሲዳስሱት ጸጉራም ለስላሳ ከሆነ፣ ቸሪሞያ ነው። ዘሩ ከላቲን አሜሪካ ተራራማ አገሮች ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ ወይና ደጋ ይስማማዋል። የሚያቃጥል ቆላ ላይ ግን ይከፋዋል፣ ያድግ ይሆናል እንጂ ፍሬ ላይ ይለግማል። ጠንካራ ውርጭም አይችልም።

ፍሬው አነስ ያለ ክብ ሆኖ፣ ቅርፊቱ ጉብ ጉብ ያለና ሲበስል በእጅ የሚፈረካከስ፣ ቅጠሉ ደግሞ ቀጭንና ጠበብ ያለ ከሆነ ሹገር አፕል የሚባለው ነው፤ የሳይንስ ስሙ አኖና ስኳሞሳ። እሱ ሙቀት ይወዳል። ቆላና ዝቅ ያለ ወይና ደጋ ያለው ሰው ከቸሪሞያ ይልቅ ይሄንን ቢተክል ያዋጣዋል። ቆዳው ለስለስ ብሎ ሲበስል ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ የሚሆነው፣ ልብ የሚመስለው ደግሞ አኖና ሬቲኩላታ ነው፣ «የበሬ ልብ» የሚሉት። ጣዕሙ ከሁለቱ ያንሳል ባይ ነኝ፣ ዛፉ ግን ብርቱ ነው።

ሳወርሶፕ ለመለየት አያስቸግርም። ፍሬው ትልቅ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ላዩ ላይ የማይወጋ ለስላሳ እሾህ ያለው፣ አንዳንዱ ብዙ ኪሎ የሚመዝን ነው። ቅጠሉ ያብለጨልጫል፣ ስትጨምቁት ጠንከር ያለ ሽታ አለው። አበባውም ፍሬውም ከወፍራም ቅርንጫፍና ከግንዱ ሳይቀር ይወጣል። ከሁሉም በላይ ብርድ የሚፈራው እሱ ነው፤ ደጋ ላይ ሞክራችሁ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

የአህጉራችን ተወላጅ የሆነው አኖና ሴኔጋለንሲስ ደግሞ በዱር የሚበቅል ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ሰፋ ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው አረንጓዴ ነው፣ ትንንሹ ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል።

እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች በመከር ወቅት ገበያ ላይ «አኖና» ተብሎ የምትገዙት በአብዛኛው አቴሞያ ነው፣ የቸሪሞያና የሹገር አፕል ድቅል። ፍሎሪዳ ውስጥ ዌስተር የተባለ የእርሻ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1908 ሁለቱን ሆን ብሎ አዳቅሏቸው ነበር። እዚያው እስራኤል የወጣው ጌፍነር የተባለው አቴሞያ ብዙ የእጅ እገዛ ሳይፈልግ ጥሩ ፍሬ በመያዝ የታወቀ ነው። ገና ልትተክሉ ከሆነ እሱን ጠይቁ፣ የሚቀጥለውን ግማሽ ሥራ ይቀንስላችኋል።

አንድ ሌላ መለያ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ያረጀ ቅጠል ምረጡና አንገቱን ይዛችሁ ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ንቀሉት። የአንገቱን ጫፍ ወደ ዓይናችሁ አቅርቡት። ቸሪሞያ፣ ሹገር አፕል ወይም አቴሞያ ከሆነ ጫፉ ድፍን አይደለም፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ትንሽ ቆብ ነው። አሁን ቅጠሉ የነበረበትን የቅርንጫፉን ቦታ እዩ። ቡናማ ጸጉር የለበሰች እንቡጥ እዚያ ተቀምጣለች። ቅጠሉ እስካለ ድረስ ከቆቡ ሥር ታፍና ነው የምትኖረው። ሳወርሶፕ ላይ ይሄን አታገኙም፣ እንቡጡ ከቅጠሉ አንገት በላይ ብብቱ ላይ በግልጽ ይታያል። ቅጠል ስለ መግፈፍ ስናወራ ወደዚህች እንቡጥ እንመለሳለን።

አበባውን ማንበብ

ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። ይሄን ካወቃችሁ የቀረው ቀላል ነው።

የጊሽጣ አበባ ዓይን አይስብም። የቸሪሞያው 3 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፣ ቀለሙ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቅጠል መሐል የተደበቀ ነው። ብዙ ሰው ዛፉ ማበቡን የሚያውቀው መሬት ላይ የወደቀውን ሲያይ ነው። አንዱን ቀጥፋችሁ ሦስቱን ወፍራም የአበባ ቅጠሎች ከፈት አድርጉ። ከውስጥ በኩል ሥራቸው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለ። መሐሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ጉብታ ቆማለች። የጉብታዋ የላይኛው ክፍል የሴቴ አካሎች ጥቅል ነው። ከሥሯ ዙሪያውን ቀለበት ሠርተው የከበቧት ጥቃቅን ነገሮች ወንዴዎቹ ናቸው፣ ዱቄቱ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

አሁን ሰዓቱ። ቸሪሞያ ላይ አበባው መጀመሪያ የሚከፈተው በሴትነት ነው፣ ያውም በጥቂቱ። የሦስቱ ቅጠሎች ጫፍ ለቀቅ ለቀቅ ይላል፣ የተወሰነ ሚሊሜትር ክፍተት ይፈጠራል፣ ከዚያ አያልፍም። በዚህ ጊዜ ውስጧን ብታዩ ጉብታዋ ነጭና እርጥብ ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ በጣት ስትነካ ትንሽ ትጣበቃለች። ዱቄት የምትቀበለው አሁን ነው። አበባው በዚህ ሁኔታ አንድ ቀን ያህል ይቆይና በማግስቱ ከሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት ባለው ጊዜ፣ ቅጠሎቹ በደንብ ይከፈታሉ። ጉብታዋ ትደርቃለች፣ ወንዴዎቹ ይላቀቃሉ፣ ዱቄቱ ይበተናል። ከዚያ ሁሉም ይረግፋል።

ንብ ለምን አትሠራውም? በሴትነቱ ሰዓት ክፍተቱ ለንብ አይበቃም፣ የሚጠጣ ማርም የለውም። የሚገቡት በፍራፍሬ ሽታ የሚሳቡ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የሚሆኑ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ናቸው። የበሰበሰ ሙዝ ወይም ማንጎ ላይ የሚርመሰመሱትን ዓይነት አስቡ። ዱቄት ከለቀቀ አበባ ወጥተው ገና በሴትነት ላይ ያለ አበባ ውስጥ ከገቡ ሥራው ተሠራ ማለት ነው። በብዙ አካባቢ ግን በበቂ ቁጥር አይገኙም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቸሪሞያ የሚያመርቱ ገበሬዎች በእጃቸው ነው የሚሠሩት። ቸሪሞያን በብዛት በማምረት ዓለምን የምትመራው ስፔንም ብትሆን በግራናዳ ጠረፍ አካባቢ ይሄው ሥራ የተለመደ ነው። ስለዚህ ብሩሽ ይዛችሁ ዛፍ ሥር ስትቆሙ ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

አንድ ዛፍ ብቻ ያላችሁም አትጨነቁ። የአንዱ አበባ ዱቄት ለዚያው ዛፍ ሌላ አበባ ይሆናል። ዛሬ የተከፈተው ሴት ሲሆን ትናንት የተከፈተው ወንድ ሆኗል፣ ሁለቱም አንድ ዛፍ ላይ ናቸው።

ዱቄቱን መልቀም

ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ ትንሹን ቁጥር፣ ፈልጉ። የሜካፕ ብሩሽም ይሠራል፣ ንጹሕና ደረቅ ይሁን እንጂ። አንድ ነጭ ወረቀትና ክዳን ያላት ደረቅ ብልቃጥ ጨምሩ።

ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ዛፉ ሂዱ። በደንብ የተከፈቱ አበቦችን ፈልጉ። ወንዴዎቹ ቀለማቸው ከክሬም ወደ ግራጫ ቡናማ ከዞረና ተቀራርበው የነበሩት ከተላቀቁ ደርሰዋል። አበባውን ቀጥፋችሁ ወረቀቱ ላይ መታ መታ አድርጉት። ጥቃቅን ፍርፋሪ ይወርዳል፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ብናኝ የሆነ ክሬም ዱቄት። ፍርፋሪው ራሳቸው ወንዴዎቹ ናቸው፣ አብረው ይግቡ፣ ለመለየት አትልፉ። ምንም ካልወረደ ወይ ገና ነው ወይ አልፎበታል።

ከሰዓት ቤት የማትውሉ ሰዎች ሌላ መንገድ አላችሁ። ሊከፈቱ የደረሱትን አበቦች ቀደም ብላችሁ ቀጥፋችሁ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ሂዱ፣ ወደ ማታ ሲከፈቱ ወረቀቱ ላይ ዱቄቱን ታገኙታላችሁ።

ሹገር አፕል ያላችሁ ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። እሱ ብዙ ጊዜ ዱቄቱን የሚለቀው ሌሊት ወይም ወደ ንጋት ነው፣ እንደ አካባቢው ሙቀትም ይለያያል። አንድ ሁለት ቀን ማታና ጎህ ሲቀድ አበባውን ተመላልሶ ማየት ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል፣ ይሄንን ጨምሮ።

የወቅቱ የመጀመሪያ አበቦች ዱቄት አንዳንዴ ደካማ ነው። መጀመሪያ ሳምንት የሠራችሁት ሁሉ ቢረግፍ ተስፋ አትቁረጡ፣ አበባው ወራት ይቆያል።

መቀባት

ዱቄቱን በለቀማችሁበት ምሽት ወዲያው ብትጠቀሙበት መልካም ነው። ካልተመቸ ብልቃጧን ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ክፍል እንጂ በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም፣ አሳድሩትና በማግስቱ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተጠቀሙበት። ጠዋት አየሩ እርጥብ ስለሆነ እኔ ጠዋቱን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ አታቆዩት፣ ኃይሉ ቶሎ ይጠፋል።

አሁን የምትፈልጉት ጫፋቸው ለቀቅ ያለ ግን ያልተከፈቱትን ነው። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አበባ ገና ነው። የተከፈተ አልፎበታል። ትክክለኛውን ስታገኙ በአንድ እጅ ሁለት ጣት ቅጠሎቹን ቀስ ብላችሁ ፈልቀቅ አድርጉ፣ ብሩሹን ዱቄቱ ውስጥ ነክራችሁ አስገቡና ጉብታዋን ዙሪያዋን አዙሩባት። ዙሪያዋን። አንድ ጎን ነካ አድርጎ መውጣት አይበቃም።

ለምን መሰላችሁ? ቅድም ያዙ ያልኳችሁ ነገር። ጊሽጣ ብዙ ትንንሽ ፍሬ የተጣበቀበት ነው። ጉብታዋ ላይ ካሉት ሴቴ አካሎች ዱቄት የደረሰው እያንዳንዱ አንድ ዘርና በዘሩ ዙሪያ ያለውን ነጭ ሥጋ ይሠራል። ያልደረሰው አይሠራም፣ በዚያ በኩል ፍሬው ይሰረጉዳል። ያ ጠማማ ፍሬ በሽታ የያዘው አልነበረም፣ ግማሽ ጎኑ ዱቄት ያላገኘ ነው። በደንብ የተዞረበት አበባ ክብና ትልቅ ፍሬ ይሰጣል። ዘር የበዛበት ጊሽጣ የሚያማርሩ ሰዎች አሉ፤ ዘሩ ባይኖር ሥጋውም አይኖርም ነበር።

ስትጨርሱ ከሦስቱ የአበባ ቅጠሎች አንዱን ቆርጣችሁ ጣሉት። ምልክት ይሆናችኋል፣ ነገ ተመልሳችሁ ያንኑ አበባ አትቀቡም። አንዳንዱ ገና ከመጀመሪያው አንዷን ቆርጦ በዚያ በኩል ብሩሹን ያስገባል፣ ጣቱ ወፍራም ለሆነ ሰው ይሄ ይቀላል።

የትኞቹን ትመርጣላችሁ? ወፍራም ቅርንጫፍ ላይና ወደ መሐል ያሉትን። ቀጭን ጫፍ ላይ የያዘ ፍሬ ሲከብድ ቅርንጫፉን ይሰብራል፣ ፀሐይም ይጠብሰዋል። ሁለት ሦስት ቀን እየዘለላችሁ ድገሙት፣ በየቀኑ መሄድ አያስፈልግም። ወጣት ዛፍ ከሆነ ደግሞ ስግብግብ አትሁኑ፣ ጥቂት ፍሬ ያሳድግ፣ ጉልበቱን ለግንዱ ያውል።

ደረቅ ንፋስ ባለበት ቀን ግን ሥራው ይበላሻል። ጉብታዋ ሳትቀበል ትደርቃለች። ከዛፉ ሥር በጉዝጓዝ መሸፈንና ማለዳ ውሃ ማጠጣት በአካባቢው ትንሽ እርጥበት ይፈጥራል። በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ አትርጩ፣ ያሉትንም ጢንዚዛዎች ትጨርሷቸዋላችሁ። እንዲያውም የበሰበሰ ፍራፍሬና ልጣጭ ዛፉ ሥር መተው እነሱን ይስባል።

ያዘ አልያዘ?

አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ያልያዘው ዘንጉ ቢጫ ወደ ቡናማ ሆኖ ይወድቃል። የያዘው ዘንጉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፣ ቅጠሎቹ ረግፈው መሐሉ ላይ የሽምብራ ያህል አረንጓዴ ነገር ትቀራለች። ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳታድግ ትቆይ ይሆናል፣ ነርቭ ታስጨርሳለች፣ ተዉአት። ከዚያ ሹገር አፕሉ አራት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ቸሪሞያ ከአምስት እስከ ስምንት ወር ይወስዳል። ከፍ ባለና በቀዘቀዘ ቦታ ይዘገያል።

በዚህ መሐል ነጭ ጥጥ የሚመስሉ ተባዮች ፍሬው ዘንግ ላይ ከተሰባሰቡ ጉንዳኑን ተከታተሉ። ጉንዳን ጣፋጭ ፈሳሻቸውን ስለሚፈልግ ይጠብቃቸዋል። ጉንዳኑን ከግንዱ ከከለከላችሁና ተባዩን በሳሙና ውሃ ካጠባችሁ አብዛኛው ይጠፋል።

ቅጠል መግፈፍና መግረዝ

ያቺ ከቆብ ሥር የታፈነች እንቡጥ እዚህ ጋ ትመጣለች። ጊሽጣ በብዛት የሚያብበው ከአዲስ ቀንበጥ ጋር ነው። ቸሪሞያ፣ ሹገር አፕልና አቴሞያ ደግሞ እንቡጣቸው የሚነቃው አሮጌው ቅጠል ሲነሳ ነው። ዛፉ ራሱ በዓመት አንዴ ቅጠሉን ይጥላል፣ ብዙ ሰው ያኔ «ደረቀ» ብሎ ይደነግጣል፤ አልደረቀም፣ ሊያብብ ነው። አንዳንድ ዛፍ ግን አሮጌ ቅጠሉን አልለቅ ይላል። እንዲህ ሲሆን የቅርንጫፉን ጫፍ ቆንጠር አድርጋችሁ ከታች ያሉትን ስድስት ሰባት ቅጠሎች በእጃችሁ ግፈፉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንቡጦቹ ይፈነዳሉ፣ አበባም ይዘው ይወጣሉ። ታይዋን ውስጥ በታይቱንግ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይሄንኑ ዘዴ ተጠቅመው ያለ ወቅቱ ፍሬ ገበያ ያወጣሉ።

ሙሉውን ዛፍ በአንዴ አትግፈፉ። በመጀመሪያ ዓመት አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ላይ እዩት። ውሃ በጠማው ወይም በታመመ ዛፍ ላይ ጨርሶ አትሞክሩት። ሳወርሶፕ ላይ ደግሞ ምንም አይጠቅምም፣ እሱ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ለባሽ ነው፣ እንቡጡም አልታፈነም።

ግርዘቱ ቀላል ነው፦ እርስ በርስ የሚጋጨውን፣ የደረቀውንና ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚሮጠውን አንሱ። ዛፉ ዝቅ ብሎ ካደገ መሰላል ሳትይዙ ትቀባላችሁ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሥሩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ውሃ አታቁሩበት። የጊሽጣ ሥር ጥልቅ አይሄድም፣ ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ይበሰብሳል። ከዘመዶቹ መሐል ረግረግ የሚችለው አኖና ግላብራ የሚባለው ነው፤ አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ ለሌላው ጊሽጣ ሥር ይሁን ተብሎ ገብቶ አሁን ረግረጉን የወረረ አረም ሆኗል። ስለዚህ ረግረግ መሬት ያለው ሰው ሌላ ፍሬ ይትከል፣ ወይም አፈሩን ከፍ አድርጎ ይደልድል። ፍግና ብስባሽ ይወዳል፤ ግንዱን እስኪነካ ግን አትቆልሉ።

ከዘር ለመጀመር

ዘሩን አጥባችሁ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። የሚንሳፈፈውን ጣሉት። ረዘም ያለ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ቅበሩትና ሙቅ ቦታ አስቀምጡት። ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል፣ ቢዘገይም አፈሩን አትቆፍሩ። ከዘር የበቀለ በሦስትና በአምስት ዓመት መሐል ያፈራል። የተዳቀለ፣ ማለትም ቅርንጫፉ በሌላ ሥር ላይ የተቀጠለ፣ ችግኝ ካገኛችሁ ፈጠን ይላል፣ የምትበሉትንም አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ከዘር የበቀለ ቸሪሞያ ከእናቱ ሊለይ ይችላል፣ ሹገር አፕል በአንፃሩ ብዙ ጊዜ እናቱን ይመስላል።

መልቀምና መብላት

ጊሽጣ ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ ከጠበቃችሁ ወፍ ይቀድማችኋል፣ ሹገር አፕሉ ደግሞ እዚያው ይሰነጠቃል። ጠንካራ እንደሆነ ልቀሙት። ቸሪሞያ ላይ አረንጓዴው ሲገረጣ ጊዜው ደርሷል። ሹገር አፕል ላይ በጉብታዎቹ መሐል ያለው ስንጥቅ ሰፍቶ ነጣ ወይም ክሬም ይላል። በመቀስ ከአጭር ዘንግ ጋር ቁረጡት፣ አትጎትቱት። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ በጣት ሲጫኑት ይሰጣል። ሳይበስል ፍሪጅ አታስገቡት፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ጣዕሙም አይመጣም። ከበሰለ በኋላ ግን አንድ ሁለት ቀን ፍሪጅ ይችላል።

አሁን አስፈላጊው ማስጠንቀቂያ። ጥቁሩን ዘር አትፍጩት። ድፍኑን በስሕተት ቢውጡት አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይወጣል፣ የተፈጨው ግን መርዛም ነው፤ በአንዳንድ አገር ዱቄቱን ለቅማል መግደያ ይጠቀሙበታል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ጁስ ስትሠሩ ሥጋውን በወንፊት አሻሽታችሁ ዘሩን ሙሉ በሙሉ ለዩና ከዚያ ብቻ ጁስ መፍጫው ውስጥ ጨምሩ። ጁስ ቤት ካዘዛችሁም ዘሩን እንዴት እንደሚያወጡ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

የሳወርሶፕ ቅጠል ሻይ ካንሰር ያድናል የሚለውን ወሬ በየስልኩ ሳታዩት አልቀራችሁም። በሰው ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠ ነገር የለም። ይልቁንስ በካሪቢያን ባሕር ባለችው ጓዴሎፕ ደሴት ላይ ሐኪሞች ፓርኪንሰን መሳይ፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሲመረምሩ ከዚህ ፍሬና ከቅጠሉ ሻይ ብዙ መጠቀም ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውት፣ ይሄንኑ እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል። መንስኤው እሱ ብቻ ነው ተብሎ አልተደመደመም፣ ግን በየቀኑ ቅጠሉን እያፈሉ መጠጣት ለእኔ አይታየኝም። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ካላችሁ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይጀምር ንገሩት።

ፍሬውን ግን ብሉት። ለሁለት ሰንጥቁት፣ በማንኪያ ዝቃችሁ፣ ዘሩን እየተፋችሁ። ቆዳው አይበላም። ለዘር የምታስቀሩት ካለ ከጥሩው ፍሬ ይሁን፣ ታጥቦ ጥላ ሥር ይድረቅና ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አኑሩት።